የማይቀመጠው አባት እና ባለቀንዷ ጢንዚዛ

እስቲ ጠጋ ጠጋ እንበል። ብርድ ልብሱንም እንካፈል።

ዛሬ እናንተም ደክሟችኋል፣ እኔም ደክሞኛል። ስለዚህ የደከመ ሰው ታሪክ ላንብብላችሁ።

ከፍ ካለ ተራራ ላይ አንድ መንደር ነበር። ጉሙ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሳይሰናበት ይወጣል።

በዚያ መንደር ስንቅነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ስንቅነሽ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ በክፍተቱ ምላሷን እያወጣች መጫወት ትወዳለች።

አባቷ ደምሰው ይባላል። ደምሰው ድንች ይተክላል፣ ድንች ይቆፍራል፣ ድንች በጆንያ ሞልቶ ይሸከማል።

ቁልቁል ወደ ገበያ ሲወርድ ጉልበቱን ያመዋል። ሽቅብ ወደ ቤቱ ሲወጣ ወገቡን ያመዋል።

ማታ ለነገ የሚሸጠውን ድንች ከማሳው ተሸክሞ ቤቱ ሲደርስ ጆንያውን ያወርዳል። ዱብ!

«ኡፍፍፍ... ደከመኝ!» ይላል።

ግን አይቀመጥም። አጥሩን ይጠግናል። ጣሪያውን ያያል። መጥረቢያውን ያነሣና እንጨት ይፈልጣል። ኳ! ኳ! ኳ!

የስንቅነሽ እናት አሰገደች በሩ ላይ ብቅ ትላለች። «አንተ ሰው፣ ቁጭ በል እንጂ! መደቡ አይነክስህም!»

«ማሩ ሲመጣ እቀመጣለሁ!» ይላል ደምሰው።

በማግስቱም እንዲሁ ነው። ዱብ! «ኡፍፍፍ... ደከመኝ!»

«ቁጭ በል እንጂ!»

«ማሩ ሲመጣ!»

የቱ ማር? ገና ያልመጣው ማር ነዋ!

«ስሚ ስንቅዬ» አላት አንድ ቀን አባቷ። «ቀፎ እንሠራለን። ንብ ይገባበታል። ማር ይሠራል። ማሩን ሸጠን አህያ እንገዛለን። አህያዋ ድንቹን ትሸከማለች። ያኔ እኔ ቁጭ እላለሁ።»

ስንቅነሽ በጣም ደስ አላት። ለአህያዋ ወዲያው ስም አወጣችላት። «እፎይ» አለቻት።

ስንቅነሽ አህያዋን የፈለገቻት ለመጋለብ አይደለም። አባቷ እንዲቀመጥላት ብላ ነው።

የተቀመጠ አባት ጭኑ ላይ ይወጣሉ። ደረቱ ላይ ይደገፋሉ። የቆመ አባት ግን የሚታቀፉት እግሩን ብቻ ነው።

ጫካው ዳር ንፋስ የጣለው አሮጌ ኮሶ ተጋድሞ ነበር። ኮሶ ትልቅ የተራራ ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ ይላላጣል፣ ቀይ አበባው እንደ ጭራ ይንዠረገጋል።

ደምሰው ከግንዱ ቆረጠ። ኳ! ኳ! ኳ! ውስጡን በመሮ ፈለፈለ። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

ቀፎው ተሠራ። ግድግዳው ግን በጣም ወፍራም ነበር። ደምሰው ሊያሳሳው አስቦ ደክሞት ተወው።

ውስጡን ሰም ቀባው። ጥሩ ሽታ ባለው ቅጠል አጠነው። ንብ ጥሩ ሽታ ይወዳል።

ከዚያ ሦስቱም ገመዱን ያዙ። «ሆ... ጎትት! ሆ... ጎትት!» ቀፎው ከቤቱ ጀርባ ካለው ወይራ ላይ ወጥቶ ተንጠለጠለ።

ንብ መጠበቅ ጀመሩ። አንድም ንብ አልመጣም።

ዱብ! «ኡፍፍፍ... ደከመኝ!»

«ቁጭ በል እንጂ!»

«ማሩ ሲመጣ!»

ክረምት ገባ። ዝናቡ ዘነበ፣ ጉሙ ወረደ። ወይራው እንኳን ጠዋት ጠዋት አይታይም ነበር።

«ንብ ቢገባስ በምን እናውቃለን?» አለች ስንቅነሽ።

«ንብ በጉም ከቤቱ አይወጣም» አለ አባቷ። «ጆሮ ለጥፎ ማዳመጥ ነው እንጂ። ነይ፣ ትከሻዬ ላይ ውጪ።»

ስንቅነሽ ትከሻው ላይ ወጣች። ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጠፈች። እንጨቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

መጀመሪያ ምንም አልሰማችም። ትንሽ ቆይታ ግን ሰማች።

ቅርጥ... ቅርጥ... ቅርጥ...

«ምን ይላል?» አለ አባቷ ከታች። «ዝዝዝ ይላል?»

ስንቅነሽ ደግማ አዳመጠች። ዝዝዝ አይልም። ቅርጥ... ቅርጥ... ነው የሚለው።

የአባቷ ትከሻ ከእግሮቿ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ድንች የተሸከመ ትከሻ ነው። ስንቅነሽ ጆሮዋን ከቀፎው አነሣች።

«ገብተዋል!» አለች። «አባዬ፣ ገብተዋል! ቤታቸውን እየሠሩ ነው!»

ደምሰው በደስታ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ወዲያው በእጁ ያዘው። «እሽሽሽ!»

ለምን መሰላችሁ? ንብ አዲስ ቤት ሲገባ አይረበሽም። ጫጫታ ከሰማ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። በዚያ መንደር ይህን የማያውቅ የለም።

«እሽሽሽ!» ደምሰው እንጨት የሚፈልጠው ከወንዙ ማዶ ሆነ። ኳ... ኳ... ከሩቅ ብቻ ይሰማል።

«እሽሽሽ!» ጎረቤታቸው ሽማግሌው አያ ተክሌ የሚጮኸውን ውሻቸውን አሰሩት። «ሌላ ምን ላድርግ? ዶሮዬንም ልሰር?» አሉ በሹክሹክታ።

«እሽሽሽ!» ስንቅነሽ ማስነጠስ ሲመጣባት በሁለት እጇ አፍንጫዋን ትይዛለች። ሕፍፍ... ጥሽ!

እናቷ ሳይቀር ድምፅዋን ቀነሰች። «ቁጭ በል እንጂ» ትላለች ቀስ ብላ።

«ማሩ ሲመጣ» ይላል ደምሰው ቀስ ብሎ።

ስንቅነሽ ግን ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ይከብዳት ነበር። ምሳዋ አይደለም።

«እማዬ» አለች አንድ ቀን። «ንብ ጥርስ አለው?»

«ጥርስ ምን ያደርግለታል? ማር አይታኘክ!» አለች እናቷ ድንች እየላጠች።

ስንቅነሽ የድንቹን ልጣጭ መልቀም ጀመረች። ያ ነገር ሆዷ ውስጥ ይበልጥ ከበደ።

አንድ ቀን ጠዋት ጉሙ ተገፈፈ። ፀሐይ ወጣች። ተራራው በአደይ አበባ ቢጫ በቢጫ ሆነ።

ዝዝዝ! ዝዝዝ! ንቦቹ አበባው ላይ ነበሩ። ቀፎው አፍ ላይ ግን አንድም ንብ የለም።

ደምሰው ጆንያውን እንደ ተሸከመ ቆሞ ቀና ብሎ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

ከዚያ ጆንያውን አወረደ። ዱብ! ኡፍፍፍ እንኳን አላለም።

ገመዱን ፈታ። ቀፎውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አሳረፈው። ክዳኑን ከፈተ።

ማር የለም። ንብ የለም። ያለው እንደ ዱቄት የደቀቀ የእንጨት ብናኝ ብቻ ነው።

አባቷ አልተቆጣም። ብናኙን ዘግኖ በጣቶቹ መሃል አፈሰሰው።

«አባዬ...» አለች ስንቅነሽ። እንባዋ መጣ። «ዝዝዝ አላለም ነበር። ቅርጥ... ቅርጥ... ነበር ያለው።»

«ታዲያ ለምን ገብተዋል አልሽኝ?»

«እንድትቀመጥልኝ ነዋ!»

ደምሰው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ብናኙ ገብቶበት ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል።

«በቃ» አለ። «እንግዲህ ማገዶ ይሁን።» መጥረቢያውን አመጣ። ከፍ አደረገው።

ያኔ ቀፎው ድምፅ አሰማ። ቅርጥ... ቅርጥ... ቅርጥ...

«አባዬ፣ ቆይ! ቆይ!» አለች ስንቅነሽ።

በወፍራሙ ግድግዳ ላይ ትንሽዬ ቀዳዳ ተከፈተች። ከቀዳዳዋ አንድ ቀጭን ቀንድ ብቅ አለ።

ወጣ... ወጣ... ወጣ... አያልቅም እንዴ?

ሁለተኛው ቀንድ ብቅ አለ። እሱም ወጣ... ወጣ... ወጣ... ኧረ አያልቅም!

በመጨረሻ ጭንቅላት መጣ። ከጭንቅላቱ በኋላ የቀንዶቹ ባለቤት መጣች። ጢንዚዛ!

ቡናማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ። ቀንዶቿ ከመላ ሰውነቷ ይረዝማሉ። እንዲህ ያለ ቀንድ ስንቅነሽ በበሬ ላይ እንኳን አላየችም።

ጢንዚዛዋ አንድ እርምጃ ተራመደች። ቆመች። ደግሞ አንድ እርምጃ ተራመደች። ደግሞ ቆመች።

«ጢዝ...» አለች። በጢንዚዛ አፍ «ኡፍፍፍ... ደከመኝ!» ማለት ሳይሆን አይቀርም።

የስንቅነሽ እናት እየሮጠች መጣች። አየቻትና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይህቺንማ አውቃታለሁ!» አለች አሰገደች። «ልጅ ሆኜ አባቴ አሳይቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ኮሶው እያለቀ ሲሄድ እሷም አብራ የጠፋች መስሎኝ ነበር።»

«እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለች ስንቅነሽ።

«ታድጋለች! የወደቀ ኮሶ ውስጥ ትፈለፈላለች። ነጭ ትል ሆና እንጨቱን ትበላለች። በጨለማ ብቻዋን፣ ትንሽ ትንሽ እየቆፈረች፣ አንድ ቀን ብርሃን ጋ ትደርሳለች።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሠራ ነበር?» አለ ደምሰው። መጥረቢያው አሁንም ከጭንቅላቱ በላይ ነው።

ከቀፎው ውስጥ ሌላ ድምፅ መጣ። ቅርጥ... ከወዲያም መጣ። ቅርጥ... ቅርጥ...

«እህቶቿና ወንድሞቿ ናቸው» አለች እናቷ። «እነሱ ገና አልደረሱም።»

ስንቅነሽ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ክንዶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«አባዬ፣ መጥረቢያው አልከበደህም?»

«ከብዶኛል» አለ ደምሰው።

«አውርደዋ!»

ደምሰው ትንሽ አሰበ። ከዚያ መጥረቢያውን አወረደው። ዱብ!

ጢንዚዛዋ ይህን ሁሉ አላየችም። ቀስ እያለች ቀፎ በሆነው ግንድ ላይ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ደረሰች።

እዚያ ስትደርስ እግሮቿን ሰበሰበች። ሆዷን አሳረፈች። ረጃጅም ቀንዶቿን ወደ ኋላ፣ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ ጋደም አደረገች።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም አላደረገችም። ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ እሷ ተቀመጠች» አለች ስንቅነሽ።

«አየሁ» አለ አባቷ።

«ማር ግን አልመጣላትም።»

«አየሁ።»

«አህያም አልመጣችላትም።»

«አየሁ፣ ስንቅዬ። አየሁ።»

ደምሰው ግንዱን ተመለከተ። ጢንዚዛዋ የያዘችው ትንሽ ቦታ ነው። በወዲያ በኩል ለአንድ ሰው የሚሆን ሰፊ ቦታ ነበር።

ጆንያውን አየ። አጥሩን አየ። ጣሪያውን አየ። ደግሞ ግንዱን አየ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ጢንዚዛዋን እንዳያስደነግጥ ተጠንቅቆ...

ቁጭ አለ!

«ኡፍፍፍ...» አለ። «እፎይ!»

አንዲት ዶሮ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ አየችው። ተቀምጦ አይታው አታውቅም።

አሰገደች ከልማዷ «ቁጭ በል...» ብላ ጀመረችና አየችው። አፏን ገጠመች። ቤት ገብታ ትኩስ የድንች ቅቅል ይዛ መጣች።

ስንቅነሽ ደግሞ ምን አደረገች? አባቷ ጭን ላይ ወጣች። ደረቱ ላይ ተደገፈች። ደረቱ ድንች ድንች ይሸት ነበር፤ እሷ ወደደችው።

አያ ተክሌ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። አሁንም የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር። «ደምሰው፣ ማሩ መጣ እንዴ?»

«ኧረ አልመጣም፣ አያ ተክሌ» አለ ደምሰው።

«ታዲያ ምን ሆነህ ተቀመጥክ?»

«ደክሞኝ ነዋ!»

አያ ተክሌ ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነት ነው» አሉ። ሄደውም ውሻቸውን ፈቱት። ው! ው! ው!

ጢንዚዛዋ እስኪበቃት አረፈች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ክንፎቿን ከፈተች። ቡርርር! ረጃጅም ቀንዶቿን እየጎተተች ወደ ጫካው፣ ሌላ የወደቀ ኮሶ ፍለጋ በረረች።

«ደህና ሁኚ፣ እፎይ!» አለች ስንቅነሽ። የአህያዋን ስም ለጢንዚዛዋ ሰጠቻት።

ግንዱን ማንም አልፈለጠውም። ሦስቱም ገፍተው ከመስኮቱ ሥር አስቀመጡት። «ሆ... ግፋ! ሆ... ግፋ!»

ደምሰው ሌላ ቀፎ ሠራ፤ የአሁኑ ከጭራሮ የተጎነጎነ ነው። ንብ ከገባ ይገባል። አህያዋ ግን አሁንም የለችም።

ድንቹም በማግስቱ ያው ከባድ ነበር። ቁልቁሉም ያው ቁልቁል፣ ሽቅቡም ያው ሽቅብ ነው።

ማታ ማታ ግን ደምሰው ጆንያውን ያወርዳል። ዱብ!

«ኡፍፍፍ... ደከመኝ!» ይላል።

ከዚያ ከመስኮቱ ሥር ግንዱ ላይ ቁጭ! ስንቅነሽም ጭኑ ላይ ቁጭ!

«እኔ እንግዲህ ምን ልበል?» ትላለች አሰገደች እየሳቀች። የምትለው ስታጣ እሷም መጥታ ቁጭ ትላለች።

ሲመሽ ስንቅነሽ አልጋዋ ውስጥ ትገባለች። ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ ይመጣል።

ቅርጥ... ቅርጥ... ቅርጥ...

«አባዬ» አለች አንድ ማታ ዓይኗ እየተከደነ። «ሲወጡ በጣም ይደክማቸዋል?»

«በጣም ይደክማቸዋል» አለ አባቷ ብርድ ልብሷን እያስተካከለ።

«ታዲያ መቀመጫ እንተውላቸው።»

«እንተውላቸዋለን» አለ አባቷ። ስንቅነሽም ተኛች።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ደምሰው ግንዱ ላይ ሲቀመጥ መሃል ላይ አይቀመጥም። ወደ ዳር ጠጋ ይላል። ደክሞት ለሚወጣ ጢንዚዛ ቦታ ይተዋል።

በሉ እኛም መብራቱን እናጥፋና ጠጋ ጠጋ እንበል። ኡፍፍፍ... እፎይ።